ከነእጅ የተሸጠች መኪና

በዚያ ዘመን ብርቅ የስፖርት መኪና ለብቻዋ አትሸጥም ነበር። የነጂዋ የእጅ ብልሃት አብሮ ወደ ገዢው ይተላለፋል። ክፋቱ፣ እጅ መንዳቱን ብቻ መርጦ አይሰጥም፤ ሌላውንም ሙያ አስከትሎ ይሄዳል።

ትርሲት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። በዓለም ላይ ሃያ ብቻ ከተሠሩት አንዷን የምትሸጠው ግን ለልጇ ለማህቶት እግር ሕክምና ነውና ወደ ኋላ አላለችም።

ገዢው የተንሻፈፈ ሹሩባዋን አይቶ ሳቀ። «ማን ነው እንዲህ የሠራዎት?»

«ልጄ ናት። ሰሞኑን እያስተማርኳት ነው። አትቸኩዪ ብላትም አትሰማኝ።»

ደላላው ታፈሰ ጠጋ አለ። «ትርስዬ፣ የኔ ኮሚሽን ይቅርብኝ። እጅ አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

«ጨርሰናል፣ ታፈሰ።»

መሪውን ጨበጠች። ገዢው እጁን በእጇ ላይ ጫነ። ከጣቶቿ ሙቀት ወጣ፤ መሪውም እንግዳ ነገር ሆነባት። ጥርሷን ነክሳ፣ እንደ ሻጭ ወግ መረቀችው፤ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ገዢው ወደ መኪናዋ ሲገባ፣ ጣቶቹ ሳያውቀው የሻርፑን ዘርፍ ይጎነጉኑ ነበር። ትርሲት አየችው፤ ዞር አለች።

ቤት ስትደርስ ማህቶት እያነከሰች ማበጠሪያውን አመጣችና እናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። ትርሲት ፀጉሯን ሦስት ቦታ ከፈለችው። ከዚያ ወዲያ ጣቶቿ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ፈታችው፤ ደግማ ያዘችው፤ አሁንም ጠፋት።

ማህቶት እጇን ወደ ኋላ ልካ የእናቷን ጣቶች ያዘች።

«ይሄን በዚያ ላይ» አለች። «አትቸኩዪ፣ እማ።»