የእናቷ ፖስታ

ፔይሻን «ለማንም አልመለስኩም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ጎን ምልክት ልታደርግ ጣቷን ስታነሳ፣ አጎት ሊያኦ አንድ ካርቶን የአናናስ ኬክ ላፕቶፗ ላይ አስቀመጡ።

«ላንቺ ነው፣ መምህሬ» አሉ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ወደ እሷ እየገፉ። «ሚስቴ ናት የገዛችው። ሰው ውለታ ሲውልልህ ዝም አይባልም አለችኝ።»

«የምን ውለታ፣ አጎቴ?»

«በየወሩ የምትመልሽልኝ ነዋ።»

እናቷ ሾርባውን ማማሰል አቆመች።

ፔይሻን ጠዋት ጠዋት በእናቷ የዓሣ ሾርባ ቤት ጥግ ተቀምጣ፣ በኢንተርኔት ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ለሚጫወቱ ሰዎች ትምህርት ትጽፋለች። አንብቦ በእሷ በኩል የተመዘገበ ሰው በተጫወተ ቁጥር፣ አጫዋቹ ድርጅት ከየጨዋታው ከሚቆርጠው ላይ ለእሷ ድርሻ ይልክላታል። እናቷ የልጇን ሥራ ስትጠየቅ «ደላላ ናት» ትላለች፤ አልዋሸችም። ሌሎች ደላሎች ታዲያ ካገኙት ላይ ለተጫዋቹ በስውር እየመለሱ ሰው ይሻማሉ። ድርጅቱ ይህን ይከለክላል። ሰሞኑን ብዙዎቹን ደርሶባቸው ካባረረ በኋላ፣ የቀሩትን «ለማንም አልመለስንም ብላችሁ እስከ እኩለ ቀን አረጋግጡ፤ የዋሸ ይባረራል» አላቸው።

ፔይሻን ማሳሰቢያውን አንብባ ስቃ ነበር። የእሷ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ያልሄዱት ትምህርቷን ወደው ነው። ይህን በከተማቸው በታይናን ያላወራችለት ሰው የለም፤ አንዳንዱ ሁለቴ ሰምቷል።

«አጎቴ፣ ተሳስተዋል። እኔ ለማንም መልሼ አላውቅም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አይወራም» አሉና ጠቀሷት። ከኪሳቸውም ባዶ ቀይ ፖስታ አወጡ። «የምትልኪበት ፖስታ ማማሩ! መጣሉ አሳዝኖኝ ነው የያዝኩት።»

ፖስታው ላይ ነጭ ኦርኪድ አለ። ፔይሻን አበባውን አወቀችው። ገቢ ያለው ልጅ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እሷም በየወሩ ለእናቷ ገንዘብ የምትሰጠው በዚሁ ፖስታ ነው። ቤተ መቅደሱ አጠገብ ካለው ሱቅ የፖስታ እሽግ ገዝታ በእናቷ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እሽጉ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ አይጥ በልቶት መስሏት ነበር።

«ሊያኦ፣ ሾርባህ እየቀዘቀዘ ነው» አለች እናቷ ከድስቱ ማዶ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማህም?»

ፔይሻን ተነስታ ወደ ድስቱ ሄደች።

«እማ፣ የምሰጥሽን ገንዘብ ምን እያደረግሽው ነው?»

«ለእኔ አይደል የሰጠሽኝ? ከሰጠሽኝ በኋላ የእኔ ነው።»

«ለሰው ትሰጪዋለሽ?»

«እነ ሊያኦ እዚሁ ቁጭ ብለው ሲያሙሽ ሰማኋቸዋ። ሌላው ይመልሳል፣ ይቺ ቋጣሪ ናት፣ እንሂድ ይላሉ። የእኔን ሾርባ እየጠጡ ልጄን ሲያሙ ዝም ልበል? በአንቺ ስም ትንሽ ትንሽ መረቅሁላቸው። ለዓሣ ደንበኛዬ አንድ ቁራጭ ጣል አላደርግለትም? ሱቅ እንዲህ ነው የሚያዝ።»

«ክልክል ነው እኮ፣ እማ። ያባርሩኛል።»

«ያ ድርጅትሽ እናት የለውም?»

ፔይሻንን ግን ከመባረሩ ይልቅ የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። ዞር ብላ አጎት ሊያኦን አየቻቸው።

«አጎቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ትምህርቴን ያነቡታል?»

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀምጠው አሰቡ። ሰው እንዳይከፋው የሚጠነቀቁ፣ ውሸትም የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«ርዕሱን» አሉ በመጨረሻ፣ «ርዕሱን አንድም ቀን ዘልዬው አላውቅም።»

ወደ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ካርቶኑን ከላፕቶፑ ላይ አነሳችው። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ አለ፤ ምልክቷን እየጠበቀ።

ነገሩን ከጫፉ ልትይዘው ሞከረች። ድርጅቱ ለእሷ ይልካል። እሷ ለእናቷ ትሰጣለች። እናቷ ለአጎት ሊያኦ ትመርቃለች፣ አጎት ሊያኦ ይጫወቱበታል፣ ድርጅቱም ከዚያው ላይ ይቆርጥና ለእሷ ይልካል። የትኛው ላይ ነው ጥፋቱ? በእጇ አልመለሰችም፤ ይህ እውነት ነው። የተመለሰው ግን የእሷ ገንዘብ ነው፤ እሱም እውነት ነው። ወይስ እናቷ እንዳለችው፣ ከሰጠችው በኋላ የእሷ አልነበረም? እንዲያ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ተጫዋቾቹን ይዛ ያቆየችው ደላላ ማናት፣ እሷ ወይስ እናቷ? ባሰበችው ቁጥር ይበልጥ ተወሳሰበባት።

እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ አጠገቧ ቆመች። አዲስ ወር ገብቷል፣ የዚህ ወር ፖስታ ደግሞ ፔይሻን ቦርሳ ውስጥ ነው።

ብትሰጥ፣ ከዛሬ ጀምሮ አውቃ እየመለሰች ነው። ብትከለክል፣ እናቱን የከለከለ ልጅ ምን ይባላል?

እጇ እንደለመደው ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ፖስታው ገና ብቅ ከማለቱ በቤቱ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ጠፋ። ቀና ብላ አየች። ዓሣ ነጋዴው፣ ከማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ፣ ሁለቱ የታክሲ ሾፌሮች፣ ለሾርባው ብቻ የሚመጡ ይመስሏት የነበሩት ሁሉ፣ አንገታቸውን አስግገው ፖስታውን ያያሉ።