ከግድግዳ የማታልፈው

ኦቦ ዱቤ የሱቃቸውን የላሜራ በር እስከ መሬት ድረስ ሳቡት። ጠዋት ጎማ ሲቃጠልበት የነበረው የሰበታ አስፋልት አሁን ጭር ብሏል። ተስፋነሽ ሁለት ስፒከሮች ፊት ቁጢጥ ብላ አንዴ ይቺን አንዴ ያንን ትነካካ ነበር። ልትገዛ የፈለገችው ከፋብሪካ ጓደኞቿ ጋር ቤት ውስጥ ለሚዘምሩበት ነው፤ ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ሰብሰብ ማለት ያስይዛል።

"ትልቁ ሠርግ ያደምቃል" አሉ ኦቦ ዱቤ።

"ሠርጉ ይቅርብኝ። ድምፁ ከግቢ የማይወጣውን ይስጡኝ።"

"ቶሌ፣ እሺ!" ብለው እጀታ ያላትን፣ በባትሪ የምትሠራዋን ትንሿን ገፋ አደረጉላት። "ይቺ ከግድግዳ አታልፍም ልጄ። ሞክሪያት።"

ተስፋነሽ ድምፁን ከዝቅታም ዝቅ አደረገችና አብሯት ያለውን ማይክ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። የምታውቀው መዝሙር ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። ማይክ የጨበጠ ሁሉ የሚለውን፣ እሷም ልማድ ሆኖባት፣ በሹክሹክታ አለች።

"ይሰማል?"

ኦቦ ዱቤ ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከላሜራው ውጭ የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና በረጋ ድምፅ ቀደማቸው።

"ይሰማል።"