የኪቦርድ ማቆሚያ ሊገዙ የገቡት መሪጌታ

«ቆሞ ነው ተቀምጦ የሚጫወተው?»

ሻጯ መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ጠየቀቻቸው።

ጎንደር ፒያሳ፣ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ናቸው። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጭራቸውን እንደያዙ! ገበያተኛው «መንገድ ሳይስቱ አልቀሩም» ብሎ ዓይኑን ተክሎባቸዋል።

«ለልጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ማቆሚያው ተሰብሮበት ኪቦርዱን የቢራ ሳጥን ላይ አድርጎ ነው የሚጫወት አሉኝ።»

ሻጯ ሶሊያና ሁለት ዓይነት አወጣችላቸው።

«ይሄ እንደ መቀስ የሚታጠፈው ቀላል ነው፤ ሚኒባስ ላይ አያስቸግርም። ግን ተቀምጦ ለሚጫወት ጉልበት ይመታል። ባለ አራት እግሩ ደግሞ ንቅንቅ አይልም... ግን ይከብዳል። ዕቃ የሚያግዘው ሰው አለው?»

«እንጃ...»

«ኪቦርዱስ ትልቅ ነው ትንሽ?»

«እንጃ ልጄ።»

«ምነው አባቴ... ሲጫወት አይተውት አያውቁም?»

አያውቁም።

የት ያዩታል? ሰርግ ላይ ካህናት ቀድመው ይስተናገዳሉ፣ ባርከው ይወጣሉ... ዘፈኑ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አባት ሲወጡ ልጅ ይገባል። በአንድ ዳስ ስንቴ እንዲህ ተላልፈዋል!

ደግሞም ተኳርፈዋል። ልጃቸው ዕንባቆም የዜማ ትምህርቱን ትቶ ኪቦርድ የያዘ ቀን «ደጄን እንዳትረግጥ!» ያሉት እሳቸው ናቸው። ልጁም ቃላቸውን አክብሮ... አልረገጠም።

እናትየው ካረፉ ወዲህ አባት በአንድ ሰፈር ብቻቸውን፣ ልጅ በሌላ ሰፈር ብቻውን ይኖራሉ። መሪጌታ ራታቸውን የሚበሉት ሬዲዮ ከፍተው ነው፤ የሰው ድምፅ ናፍቋቸው።

«አይቼ እመለሳለሁ» ብለው ከሱቁ ወጡ።

እሑድ እንፍራንዝ ላይ የቀድሞ ተማሪያቸው የአለነ ሰርግ ነበር። የሚጫወተው ዕንባቆም መሆኑን ሰምተዋል። በሉ፣ ባረኩ፣ ከካህናቱ ጋር ወጡ... ግን መኪናው ውስጥ አልገቡም።

«እናንተ ቅደሙ» ብለው ከዳሱ ጀርባ ዞሩና በሸራው ቀዳዳ አጮለቁ። መሪጌታ እኮ ናቸው... ሲያጮልቁ!

ዕንባቆም ዕቃውን ለብቻው አመላልሶ ጨረሰ። ከዚያ ሳጥኖቹ ላይ ጎብጦ፣ ቆሞ መጫወት ጀመረ።

ልጄ ከሳ፣ አሉ በሆዳቸው።

መልሱንም አገኙ። ቆሞ ነው የሚጫወተው፣ የሚያግዘውም የለም... ታጣፊው ይሻለዋል። ጉዳዬ አለቀ ብለው ሊሄዱ ዘወር ሲሉ፣ ዘፈኑ ሲያበቃ የአንዲት ልጅ ድምፅ ሰሙ።

«ይቺን ባዶ ወንበር ልውሰዳት?»

«ሰው አለው» አላት ዕንባቆም።

«ማን? አንተ ራስህ ቆመህ...!»

«የአባቴ ነው። ካህናቱ ሲወጡ አንድ ቀን እንኳ ይቀሩ ይሆናል ብዬ... በየሰርጉ እይዝላቸዋለሁ።»

«ቀርተው ያውቃሉ?»

«እስካሁን አልቀሩም።»

ለካ በየሰርጉ ባርከው ሲወጡ ልጃቸው በዓይኑ እየሸኛቸው ነበር...

መሪጌታ ሸራውን ገልጠው ገቡ።

ሰዉ ተያየ። እሳቸው ማንንም ሳያዩ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

የዕንባቆም ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ምነው?» አሉት። «ተጫወት እንጂ ልጄ... ላይህ ነው የመጣሁ።»

ወዳጆቼ... ለምንወደው ሰው ዕቃ መግዛት ይቀለናል። ኩራታችንን ውጠን አጠገቡ መቀመጥ ግን ይከብደናል። ወንበሩን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይጠብቅም።

እናንተስ... ስለ አባታችሁ ወይም ስለ ልጃችሁ ሥራ ብትጠየቁ «እንጃ» የምትሉት ምኑን ነው? እስቲ በሐቀኝነት ጻፉልኝ... 👇