ሁለተኛው ፊርማ

ባለሀብቱ የአየር ውጊያውን ሥዕል የገዛው ለተዋጊ አብራሪው ኮሎኔል ፊርማ ብሎ ነው፤ ስለ ሥዕልማ ምን ያውቅና! ከጎኑ የተጫጫረውን ሌላ ፊርማ «ጀግና አንድ ይበቃል» ብሎ ፍሬም ቤት አስቆረጠው። ከዚያ ኮሎኔሉን እራት ጠርቶ፣ ኦጋዴን ላይ ራሱ የተዋጋ ይመስል ለእንግዶቹ ደረቱን ነፋ።

«ያችን እየነደደች የምትወድቅ የሶማሊያ አውሮፕላን የጣሏት እኚህ ናቸው!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ሥዕሉ ተጠጉ።

«ከጎኔ የነበረው ፊርማ የት ሄደ?»

«አንዱ ምናምንቴ ጫጭሮበት ነበር፤ አስወገድኩልዎ።»

ኮሎኔሉ የምትነደውን አውሮፕላን በጣታቸው ነኩ።

«እሷ ውስጥ የነበረው ሰው ነው። በጃንጥላ ወርዶ ተረፈ። ስፈልገው ኖሬ አምና አገኘሁት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፈረምን። በል የኔንም አስቆርጥልኝ።»