ያልደረቀው ወለል

ቺሆ የክፍሉን ወለል ሰም የቀባችው ከበሩ ጀምራ ነው። ስለዚህ አሁን መስኮቱ ጥግ፣ ሁለት እግር ብቻ በምታስቆም ደረቅ ቦታ ላይ፣ መወልወያዋን እንደያዘች ቆማለች። ከእሷ እስከ በሩ ያለው ወለል በሙሉ እርጥብ ነው።

ከበሩ ጀምሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ኮሪደር ላይ ባወጣነው ጠረጴዛ የሠላሳ አንድ ልጅ ካርድ እየጻፍኩ ነበር። ከየት ልጀምር ብላ ስትጠይቀኝ ቀና ሳልል መለስኩላት። ሌላ ልጅ ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። ቺሆ የተባለችውን ታደርጋለች።

የቀሩት ሠላሳ ልጆች ኮሪደሩ ላይ በወንበርና በጠረጴዛ መሃል ታጭቀዋል። ከአዲስ ዓመት በፊት የመጨረሻው የትምህርት ቀን ነው፤ ክፍሉን አጽድተው፣ ካርዳቸውን ተቀብለው ለክረምት እረፍት ይበተናሉ። ከጠዋት ጀምሮ ተንበርክከው የጫማ ጭረት ሲፍቁ ቆይተዋል። የጽዳቱ አለቃ ማሂሮ ናት፤ የሱሪዋ ጉልበት እስካሁን አልደረቀም።

ታትሱኪ የሚባለው ልጅ ቺሆ እዚያው ትክረም፣ እኛ ከግቢው በረዶ ላይ ሆነን በየቀኑ አንድ አንድ መንደሪን በመስኮት እንወረውርላታለን ይላል። ሌላው ጋዜጣ አንጥፈን እናሻግራት ይላል። ማሂሮ አምና የጎረቤት ክፍል ጋዜጣ አንጥፎ፣ የቅናሽ ፍጁል ማስታወቂያ ወለሉ ላይ ተለጥፎ እስከ በጋ እንደቆየ ታስታውሰዋለች። ይስቃሉ። ቺሆም ከጥጓ ትንሽ ፈገግ ትላለች።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ እኮ” ትላታለች ማሂሮ። “ሰው ወደ በሩ እያፈገፈገ ነው የሚቀባው። አንደኛ ክፍሎች እንኳን ያውቁታል። በቃ፣ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት እዛው ተገተሪ።”

ቺሆ እኔን ታየኛለች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሃታኖ ደረጃውን ወጥታ ትደርሳለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ የቺሆ እናት ታክሲ ይዛ በጓሮ በር እየጠበቀች መሆኑን ትነግረኛለች።

ልጆቹ የማያውቁት ይህን ነው፦ ትምህርት ሲከፈት ቺሆ አትመለስም፤ እናቷ ዛሬ ከአካባቢው ይዛት ትወጣለች። እናቷ ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀምጣ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንብት አይደረግ፣ ለማንም አይነገር፣ አባትየው እንዳይሰማ። አባትየው ዛሬ ማታ ከሥራ ይመለሳል። በረዶው ከጠነከረ ወዲህ ባቡሩ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው። አንዱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሌላው ሲመሽ።

“ቺሆ፣ ነይ” እላለሁ።

ማሂሮ ትዞርብኛለች። “ቲቸር፣ ወለሉስ?”

ትምጣ እላታለሁ።

“ለምን? ምን ሆና ነው?”

የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አላት ልል አስባለሁ። ውሸቱ የሚቆየው ትምህርት እስኪከፈት ነው። እተወውና ቺሆን በእጄ እጠቅሳታለሁ።

ቺሆ አንድ እግሯን ታነሳለች፤ ወለሉን ታያለች፤ እግሯን መልሳ እነበረበት ታሳርፈዋለች። “ይበላሻል” ትላለች። ድምፅዋ እስከ በሩ የሚደርሰው በጭንቅ ነው። ደግሜ እጠራታለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች። ባስተማርኳት ዘጠኝ ወር አንድ ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም፤ ለእምቢታ የመረጠችው ቀን ዛሬ ሆነ። ሰዓቴን አያለሁ።

እገባለሁ። ነጠላ ጫማዬ በየእርምጃው ተጣብቆ እየተላቀቀ ይጮኻል። ከኋላዬ ሠላሳ ልጅ ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማኛል። ጥጉ ጋ ስደርስ ጀርባዬን ሰጥቻት ቁጢጥ እላለሁ።

“ነይ፣ ልዘልሽ።”

የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ከገመትኩት በላይ ትከብዳለች። መወልወያውን አልለቀቀችም፤ ስራመድ እጀታው ጉልበቴን ይመታኛል።

“እናቴ መጣች?” ትለኛለች ማጅራቴ ላይ።

“መጥታለች።”

“ተቆጣች?”

“አልተቆጣችም። ያዢኝ።”

ኮሪደሩ ላይ አወርዳታለሁ። የእኔ ጫማ ሥሩ ሰም ብቻ ስለሆነ ከደፉ በስተውስጥ እቆማለሁ። ታትሱኪ ድብ ነው እንዴ ያለፈበት ይላል። የሚስቅለት አያገኝም። ሁሉም ወለሉን ነው የሚያየው። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ሁለት ረድፍ ዱካ።

ቺሆ ቦርሳዋን ታነግታለች። ካርዷን ከጠረጴዛው አንስታ፣ ሳትገልጠው ኮቷ ውስጥ ትከታለች። መወልወያውን ለማሂሮ ስታቀብላት ማሂሮ ተቀብላ መንገዷ ላይ ትቆማለች።

“ስንመለስ ከሁሉም ቀድመሽ ትመጫለሽ” ትላታለች። “ይሄን እንደገና የምትቀቢው አንቺ ነሽ። ብቻሽን።”

ዱካው የእኔ ነው። ከበሩ ጀምሪ ያልኳትም እኔ ነኝ። አሁንም አልተናገርኩም። ቺሆ ወለሉን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ማሂሮ ትዞራለች።

“እሺ” ትላለች። “ከመስኮቱ ነው የምጀምረው።”

ማሂሮ መንገዱን ትለቅላታለች። ቺሆ ግን ወደ ደረጃው ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ ተመልሳ፣ ዛሬ ልጆቹ ሁሉ እንደሚያደርጉት ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳለች፤ መልካም አዲስ ዓመት ትለኛለች። ሰም የተቀባ ክፍል በሩ ክፍት አይተውም፣ አቧራ ይገባበታል። ተንሸራታቹን በር በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይንኳኳ ቀስ እያለች፣ እኔን ከውስጥ ትታ እስከ መጨረሻው ትዘጋዋለች።