የመርከቡ መካሪ

ጡረተኛው መምህር ልጁ ጋብዛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመርከብ ሽርሽር ወጣ። ገና ከወደቡ ሳይርቁ ግን አንጀቱ ተገለባበጠ። የመርከቡን አጥር ይዞ ሲያቃስት፣ አንድ የአገሩ ሰው የሆኑ ሽማግሌ ጠጋ አሉት።

«ለመርከብ አዲስ ነዎት መሰለኝ። ውኃውን አይዩ፤ ዓይንዎን ሩቅ ይጣሉ። ሆድዎም ባዶ አይሁን፤ ደረቅ ዳቦ ይቅመሱ።» መምህሩ ሲያስመልሰው ጀርባውን ደገፍ አደረጉት። «አይዞህ ወንድሜ፣ ቻለው፤ ያልፋል።»

መምህሩ ክው አለ። በአብዮቱ ዘመን እስር ቤት ውስጥ ዓይኑ ተሸፍኖ ውስጥ እግሩን ሲገረፍ የሰማው ድምፅ ይኸው ነበር።

«ስትገርፈኝ ‹ቻለው› እያልክ የተሳለቅክብኝ አንተ ነህ!»

አፋቸውን በቡጢ አላቸው። ሲወድቁም ደረታቸው ላይ ወጥቶ ጉሮሯቸውን አነቀ። ሽማግሌው ሲንፈራገጡ ነጠላ ጫማቸው ወልቆ ተፈናጠረ። መንገደኞች ተረባርበው መምህሩን ጎትተው ሲያነሱት፣ ዓይኑ ባዶ እግራቸው ላይ ዐረፈ። ውስጥ እግራቸው እንደ እሱው እግር ተተልትሎ የዳነ፣ ጠባሳ በጠባሳ ነበር።

ሽማግሌው ደማቸውን ተፍተው ቀና አሉ።

«ተራዬን እየጠበቅሁ ከጎንህ ታስሬ ነበር» አሉት።