ያልደረቀው ሙጫ

ደምለው ቢቸና ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። የእጅ ሥራም ይወዳል። የኬሚስትሪው አንጋፋ መምህር ጋሽ ሙሐመድሁሴን ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ሞጣ ሊመለሱ መሆኑን ሲሰማ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሊሠራላቸው ወሰነ። ጋሽ ሙሐመድሁሴን በዕረፍት ቀናቸው ዓባይ በረሃ ወርደው ዓሣ ማጥመድ ይወዳሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጠመዱት ግን ሲባጎ በመዳፋቸው ጠምጥመው ነው።

ስጦታው ሞጣ ከገቡ በኋላ ድንገት ሊሰጣቸው የታሰበ ነበር። ምስጢሩን የሚያውቁት ምክትል ርእሰ መምህሯ ሥርጉትና የግቢው ዘበኛ አያ ወልደ ኪዳን ብቻ ናቸው።

ደምለው ቀጥ ያለ ቀርከሃ መርጦ አደረቀ፣ ላገው። ሲባጎው የሚያልፍባቸውን የሽቦ ቀለበቶች ደርድሮ፣ እግራቸውን በቀይ የስፌት ክር ጥቅጥቅ አድርጎ ጠመጠመ። የቀረው ክሩን በኢፖክሲ መሸፈን ነበር። ኢፖክሲ ከሁለት ጠርሙስ እኩል ተለክቶ የሚደባለቅ ሙጫ ነው፤ ሲደርቅ እንደ መስታወት ያበራል። እስኪረጋ ግን ዘንጉ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ሙጫው ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል።

ለሥራው ቅዳሜን መረጠ። በዚያ ቀን ጋሽ ሙሐመድሁሴን ዕቃቸውን በአይሱዙ ሲጭኑ ስለሚውሉ ወደ ትምህርት ቤቱ አይመጡም ብሎ ነው። በቤተ ሙከራው በር ሥር የተቀመጠውን የመጻሕፍት ካርቶን ተራምዶ ገባ። ዘንጉን በሁለት ወንበር መደገፊያ ላይ አጋድሞ ሙጫውን በቀጭን ብሩሽ ቀባ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሲያዞረው ቆየ። ሙጫው መንጠባጠቡን ሲተው ካርቶኑን መልሶ ተራመደና ቁልፉን ለአያ ወልደ ኪዳን ሰጠ።

“ምሳ በልቼ መጣሁ። ገና አልደረቀም፤ እንዳይነካብኝ፣ አደራዎን።”

“ይሂዱ መምህር፣ እኔ አለሁ” አሉ ሽማግሌው።

ሲመለስ በሩን ከፍቶ በሁለት እርምጃ ዘንጉ ዘንድ ደረሰ። ከመያዣው አጠገብ ባለው ጥምጥም ላይ፣ በሙጫው መሐል፣ የአውራ ጣት ምልክት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ዘንጉን ይዞ ወጣ። ግቢው ውስጥ ለማጠናከሪያ ትምህርት የመጡ ተማሪዎች ነበሩ።

“አንተ!” ብሎ ጮኸ። “አንተ ሽማግሌ፣ ምን ብዬህ ነበር የሄድኩት?”

ተማሪዎቹ ዞር አሉ። የአባቱን እኩያ አንተ የሚል መምህር አይተው አያውቁም።

አያ ወልደ ኪዳን ምልክቱን አዩ።

“ቁልፉ በማን እጅ ነበር?”

“በእኔ።”

“ታዲያ ማን ነካው?”

“በእኔ ይሁን፣ መምህር። ይቅር ይበሉኝ።”

“ይቅርታህ ይህን ያጠፋዋል? ያንተን እጅ የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ እንቅጠር?”

አንድ ተማሪ ሳቀ። አያ ወልደ ኪዳን ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

“ስጦታው ግን አይቀርም አይደል?” አሉ በቀስታ።

ደምለው ዘንጉን ይዞ ገባ።

ሰኞ ሥርጉት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች። አያ ወልደ ኪዳን መጻፍ ስለማይችሉ በጣታቸው ፈረሙ። ዶማና ገመድ የላገው ጣት ወረቀቱ ላይ ድፍን ጥቁር ነጥብ ብቻ ጥሎ ተነሳ። ሥርጉት ደብዳቤውን ፋይሉ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ ሽማግሌው ሥራ ለቀቁ። ልጅ ፊት አንተ ከተባልኩበት ደጅ አልቆምም ብለው ወደ አገራቸው ወደ መርጡለ ማርያም መሄዳቸው ተወራ።

ከዚያ ወዲህ ደምለው በዋናው በር ማለፍ ከበደው። ተማሪዎቹ ሲንሾካሾኩ የእርሱን ስም የሚያነሱ ይመስለዋል። “ጥፋቱ የእርሳቸው ነው፤ ራሳቸው አምነዋል” ይላል ለራሱ። ቁጣውስ ቁጣ ነው፤ ያሳፈረው አፉ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሄደ። የመርጡለ ማርያም መኪና ሰው እየጫነ ነበር። ምን ብሎ ይጀምራል? አሁን አንቱ ብሎ? መኪናው ሲነሳ እያየ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የተበላሸውን ጥምጥም በምላጭ ፍቆ አነሳ። በአዲስ ቀይ ክር ጠመጠመ፣ ቀባ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ምሳ ሳይበላ ሲያዞረው ዋለ። ባዞረው ቁጥር “አንተ” ያለበት ድምፁ ጆሮው ላይ ይጮህ ነበር።

ከወር በኋላ ከሥርጉት ጋር ሞጣ ሄዱ። ጋሽ ሙሐመድሁሴን በደስታ ተቀበሏቸው፤ ልጃቸው ኸይራት ምሳ አቀረበች። ከምሳ በኋላ ደምለው ዘንጉን ከጨርቁ አወጣ።

“ማሻአላህ!” አሉ ጋሽ ሙሐመድሁሴን። ዘንጉን ተቀብለው ወደ መያዣው አጎነበሱ። አውራ ጣታቸውን በቀዩ ጥምጥም ላይ ወዲህና ወዲያ አሹ።

“እንደገና ሠራኸው እንዴ?”

“ምኑን ጋሼ?”

ጋሽ ሙሐመድሁሴን እንደ ልጅ አፈሩ። ዘንጉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ወደ ደምለው ዘንበል አሉ።

“ያን ቅዳሜ መጻሕፍቴን ልወስድ ገብቼ፣ የደረቀ መስሎኝ የነካሁት እኔ ነኝ፤ ‘ደብቆ የሚሠራልኝን እንዳየሁበት ካወቀ ልፋቱ ከንቱ ይሆንበታል፣ ምንም ቢመጣ እንዳትነግረው’ ብዬ ወልደ ኪዳንን በሚወዳት በማርያም አስምዬው ነበር፤ ለመሆኑ ደህና ነው?”